ጫን፣ አውርድ

«ፊትሽ ለካሜራ አይሆንም፤ ትከሻሽ ግን ይሆናል።»

ጋሽ አንማው መጀመሪያ ያየኝ ቀን ፊት ለፊት ያለኝ ይህንን ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለችው ስቱዲዮው በር ላይ ከንፈሬን ቀለም ተቀብቼ፣ የእህቴን ቦርሳ ተውሼ ቆሜያለሁ። በሩ ላይ «ለፊልም ሰው እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ቤት መዋሉ ደግሞ ቁንጫ እንደገባበት ቀሚስ አላስቀምጥ ብሎኛል። ሰው ከተፈለገ እኔም ሰው ነኝ ብዬ መጣሁ። ከላይ እስከ ታች አየኝና ያችን ቃል ተናገረ። ከዚያ የካሜራውን ማቆሚያ ብረት ከጥግ አንስቶ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገብኝ።

«ነይ፣ ቡሬ እንሂድ።»

ስሜን እንኳ የጠየቀኝ ማንኩሳን ካለፍን በኋላ ነው።

«ባንቺአምላክ» አልሁት።

«ባንቺ ይበቃል። ከጭነት ጋር ረጅም ስም አይሄድም።»

መሞቱን የሰማሁት መራዊ፣ ባጃጅ ውስጥ ነው። አሁን የምሠራው መራዊ ከተማ ነው፤ የመታወቂያ ፎቶ አነሳለሁ፤ «አገጭዎን ቀና፣ አይሳቁ» ስል እውላለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴትዮ ለሾፌሩ ታወራለች።

«ያ የፍኖተ ሰላሙ ቪዲዮ አንሺ ሞተ አሉ። ያ ጎባጣው።»

«የትኛው?»

«ያ እንኳ! ሠርግ ሲጠሩት ሳህን አጣቢዎቹን ቀርጾ የሚመጣው።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ሳቁም ለቅሶውም አልመጣ አለኝ። «ወራጅ!» ብዬ ወረድሁ፤ የምወርድበት ቦታ ገና ነበር። ካየሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል። መጨረሻ የተያየነው ከሽንዲ ወዲያ፣ አንዲት እናት ቤት ነው። እዚያ እስክደርስ ታገሡኝ። እኔም ትዕግሥት የለኝም፤ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኋችሁ ሰውየውን አታውቁትም።

ሴትዮዋ አልዋሸችም። ፈረስ ቤት ከተማ ሠርግ ተጠርተን ሄደን ነበር። የሙሽራዋ አባት ደህና ሀብታም ናቸው፤ ዳሱ አምስት ቤት ያህላል። ከሳምንት በኋላ ቪዲዮውን ሊያይ ቤተ ዘመዱ ተሰበሰበ። ውኃ የሚያመላልሱ ሴቶች ታዩ። በሬ የሚጥሉ ወንዶች ታዩ። ሙሉ ጋን ለሁለት ተሸክመው ዳገት የሚወጡ ጎረምሶች ታዩ። አንዲት ሴት ሽንኩርት ስትልጥ፣ ስትልጥ፣ ስትልጥ ታየች። አባትየው ሲታገሡ ቆይተው፦

«አንማው፣ ሙሽራዋ የታለች?»

«ትመጣለች ጌታዬ። ምግቡ ይድረስ።»

መጣችም። ከሽንኩርቷ ሴት ጀርባ፣ ለአፍታ ያህል። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጣሁ። እሱ ግን ከልቡ ነበር። ተሰድበን ስንመለስ መንገድ ላይ ያለኝ ምን መሰላችሁ? «ያች ሴት ያን ሁሉ ሽንኩርት ልጣ አንዴ እንኳ ቀና አላለች። አየሻት?»

ዕድሜው ሃምሳን ዘለል ያለ፣ ቀጭን፣ ወገቡ ወደ ፊት የታጠፈ ሰው ነበር። ፊልም ከመጀመሩ በፊት ቡሬ የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። አንድ ቀን ጀርባው «ቀጭ» አለ፤ በቃ። ከዐረብ አገር ከተመለሰች ልጅ አሮጌ ካሜራ ገዛ፤ ሠርግና ተዝካር እየቀረጸ፣ ባገኘው ፊልም ይሠራ ጀመር። አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር። «አንቱ የሚባል ሰው ጆንያ ሲሸከም አይተሽ ታውቂያለሽ? አንተ በይኝ» ብሎ ከለከለኝ። ቀረጻ ሊጀምር ሲል እንደ ተሸካሚ መዳፉ ላይ እንትፍ ይልና እጁን ያፋትጋል። «አክሽን» የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ጫን!» ነው የሚለው። ሲያበቃ «አውርድ!»፤ ለእኔ ሲሆን «አውርጅ!»። አንድ ጊዜ ቡሬ መንገድ ዳር ስንቀርጽ «ጫን!» ብሎ ቢጮህ፣ ከማዶ የቆመ መኪና ሥር የነበሩ ተሸካሚዎች እውነት መስሏቸው ያልታዘዘ በቆሎ ግማሹን ጫኑት። ባለ በቆሎው ሊደበድበን መጣ።

ፊልሞቹን አላያችኋቸውም። ጀነሬተርና ነጭ አቡጀዴ ይዘን በገበያ ቀን ሽንዲም፣ ፈረስ ቤትም፣ መራዊም፣ መንገድ ክፍት የሆነበት ሁሉ እየሄድን በትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር የምናሳይ። ስለ በርበሬ ለቃሚ ሴቶች፣ ስለ ባሕር ዛፍ ቆራጮች፣ ፈረሱ ዓይኑ ስለጠፋበት ጋሪ ነጂ። ቪላ የለም። ፍቅረኛዋን አውሮፕላን ማረፊያ የምትሸኝ ልጅ የለችም። አንድ ቀን ምሳ ቤት ገብተን ቴሌቪዥኑ ላይ የአዲስ አበባ ፊልም ሲያሳዩ፣ ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ፦

«የእነሱ ፊልም ላይ ሰው ሥራ አይሠራም። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይካካዳል። ያንን ሶፋ አራተኛ ፎቅ ድረስ የተሸከመው ማነው? እኔ እሱን ነው ማየት የምፈልግ።»

«እሱ ደግሞ ምን ያወራል?» አልሁት።

«ደረጃው ጠባብ ነው ይላል።»

ሕግ ነበረው። የመጀመሪያው «ያልተሸከምሽውን አትቅረጪ» ነው። ለወግ የሚባል መስሎኝ ነበር። ለበርበሬዎቹ ሴቶች ፊልም ቡሬ ስንደርስ ግን ካሜራውን ከቦርሳው አላወጣውም። መጋዘን ውስጥ ሴቶቹ መሐል አስቀመጠኝና ሄደ። ስምንት ቀን! ጠዋት ገብቼ እስኪመሽ የበርበሬውን ጭራ እቀነጥሳለሁ፤ የነጣውን ለብቻ፣ የቀላውን ለብቻ እጥላለሁ። አቧራው ጉሮሮ ይይዛል። ሳሉ እንደ ማኅሌት ነው፤ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀበላለች። ሴቶቹ ወዲያው ስም አወጡልኝ።

«አርቲስቷ፣ ዓይንሽን እንዳትነኪ!»

«ተይያት ትንካው። ለፊልሙ እንባ ያስፈልጋት የለ!»

ነካሁት። የዚያን ዕለት የጮህሁትን ጩኸት ማንኩሳ ሳይሰሙት አይቀሩም። ሦስት ሴቶች ይዘው በወተት ሲያጥቡኝ ጋሽ አንማው ካሜራውን አንግቶ ገባ።

«ዛሬ እንቀርጻለን።»

«አላይም እኮ! ዕውር አደረግኸኝ!»

«አሁን ነው የምታይ። ጫኝ!»

ሰደብሁት። እየሰደብሁት ቀረጽሁ። ፊታቸውን አጥርቼ ማየት ስላልቻልሁ ካሜራውን ዝቅ አድርጌ እጃቸውን ብቻ ስከተል ዋልሁ። ኋላ ስናየው ሌላው ሁሉ ተጥሎ ፊልሙ የእጅ ፊልም ሆነ። አላመሰገነኝም። እሱ ማመስገን የሚባል ነገር አያውቅበትም። ምሳ ሳንበላ መዋላችንንም አያውቅም። ሲቆጣ የሰው እናት ፊት ይቆጣል። ስንት ጊዜ ማቆሚያውን ጥዬለት ልሄድ ተነስቻለሁ!

ሁለተኛው ሕግ ስም ነው። ማንም ሰው በፊልሙ ውስጥ የራሱን ስም ነው የሚይዝ። አንዱን ተሸካሚ ናትናኤል ብሎ ሰይሞት አራት ጊዜ ቢጠራ ዞር አላለም። «ናትናኤል የሚባል ሰው እኔ ጋ ገንዘብም ጠብም የለው፤ ለምን ብዬ ልዙር?» አለ ሰውየው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ አንማው ስም መስጠት ተወ።

ሦስተኛውን «ቅምሻ» ይለዋል። ጠላ ለድግስ ከመውጣቱ በፊት እንደሚቀመስ፣ ማንኛውም የቀረጽነው ነገር ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ለተቀረጸው ሰው፣ በራሱ ቤት ይታያል። «ይችን አውጣልኝ» ካለ ትወጣለች። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። አንድ የባሕር ዛፍ ቆራጭ፣ ፊት ጥርሱ የሌለ፣ ከዛፉ ጋር አብሮ ሊወድቅ ሲል ተርፎ የሳቀውን ሳቅ ቀርጬ ነበር። ሰው እንዲያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ሰውየው ራሱን አየና አፉን በእጁ ሸፈነ። «ይችን እንኳ ተውልኝ» አለ። ወጣች። እኔ ሦስት ቀን አኮረፍሁ።

«የሰውየው ፊት ነው ባንቺ። ያንች አይዶል።»

«የቀረጽሁት እኔ ነኝ!»

«ጆንያውን የተሸከመው ሰው እህሉ የእኔ ነው ይላል?»

እንግዲህ ወደ ገዳሙ ልምጣ።

ገዳሙ ቡሬ መጋዘን የሚሠራ ተሸካሚ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ። የጆንያ ክምር ተንዶበት ስለሚሞት ተሸካሚ በምንሠራው ፊልም ሟቹ እሱ ነው። ስለ መሬት ካነሱበት አያቆምም። ከሽንዲ ወዲያ ታላቅ ወንድሙ የአባታቸውን መሬት ያርሳል፤ እሱ እጁን አጣጥፎ ቡሬ ወረደ። ለምን ሲሏት እናቱ «አባትህ ሲሞት ያለው ቃል ነው» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። የሟች ቃል ደግሞ አይከራከሩትም። ምሳ ሰዓት ላይ መጋዘኑን በእርምጃ እየለካ «ይኼን ታህል እንኳ ቢሰጠኝ እኮ» ይለኝ ነበር።

የቀብሩን ክፍል የምንቀርጽ ዕለት ጋሽ አንማው የእድሩን ጥሩንባ ነፊ አመጣ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰፈሩን ሞት ያወጁ። «የውሸት ጥሩንባ የውሸት ነው የሚሰማ» ይላል እሱ። ለሰፈሩ ሰው ቀድሞ ተናግሯል፤ ፊልም ነው፣ እንዳትደነግጡ ብሏል። የገበያ ቀን መሆኑን ግን አላሰበውም። ሽማግሌው ማልደው ነፉ። መንፋት ብቻ መቼ ሆነ!

«የሰፈራችን ሰው፣ ተሸካሚው ገዳሙ አርፏል! ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው! ለቅሶ ውጡ!»

ጋሽ አንማው ሮጦ ደረሰባቸው። «አባቴ፣ ይንፉ እንጂ ይናገሩ አላልሁም!»

«ምን ነካህ ልጄ? ነፍቼ ዝም ብል ሰው ማን ሞተ አይልም? ነፍቼ ዝም ብዬ አላውቅም።»

የሰፈሩ ሰው ሳቀ። እኛም ሳቅን። በዚያ ሰሞን ስልክ አይሠራም፤ ኔትወርክ ከጠፋ ወር አልፎታል። ለገበያ ከሽንዲ የመጡ እህል ነጋዴዎች ጥሩንባውንም ስሙንም ሰምተው፣ በመጣው መኪና መርዶውን ይዘው መመለሳቸውን ማን ያውቃል?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ደጅ ገዳሙ ቃሬዛ ላይ ተጋድሟል፤ ነጭ ሸማ ለብሷል። ተሸካሚ ጓደኞቹ ዙሪያውን ቆመዋል። ጋሽ አንማው «አትተንፍስ» ብሎት፣ አስፋልቱ ላይ መኪኖችን ሊያስቆም ሄዷል። ካሜራው በእኔ እጅ ነው፤ ጀምሬያለሁ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ደረቷን እየደቃች፣ በሰዎቹ መሐል ሰንጥቃ ገባች። አልቃሽ የተቀጠረች መሰለኝ። «ጋሽ አንማው እንዲህ ያለችውን ከየት አገኛት!» ብዬ ተጠጋሁ። ሸማውን አልገለጠችም። ቃሬዛው ሥር ተንበርክካ ሙሾውን አወረደችው፦

መሬቱን ለታላቅህ ቆርሼ ብሰጠው፣
ያንተን ወገብ ልጄ ጆንያው ቆረጠው።

ያባትህ ቃል ብዬ ዋሽቼህ ነበረ፣
እውነቱን ብነግርህ ጆሮህ ተቀበረ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እናቱ ናት። ሸማው ውስጥ ገዳሙ እንደ እንጨት ደርቋል። ጓደኞቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔ ካሜራውን ወደ ፊቷ አስጠጋሁት። አውቄ ነው ያስጠጋሁት፤ መዋሸት አልፈልግም።

«አውርጅ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ጋሽ አንማው በዚያ ወገቡ እየሮጠ ነው። «ባንቺ! አውርጅ አልሁሽ!»

አላወረድሁም። ገዳሙ ሸማውን ገፎ «እማ!» ሲል፣ እሷ ወደ ኋላ ስትወድቅ፣ ተነስታ በጥፊ ስትመታው፣ ከዚያ አንገቱን፣ ደረቱን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትዳስስ፣ አንገቱ ሥር አፍንጫዋን ቀብራ ስታሸተው፣ ሁሉንም ቀረጽሁ።

ጋሽ አንማው ደረሰ። ከመጋዘኑ ጥግ ትልቅ ድንጋይ አነሳና በዚያ በተሰበረ ጀርባው ላይ ጭኖ፣ እግሯ ሥር ሄዶ ተደፋ። የገዳሙ እናት እማማ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ እንዲያ ሆነው እንኳ የሰው ጀርባ አሳዘናቸው። «አውርዱለት፣ ይኼም ሊሞት ነው» አሉ። «ይቅር ይበልህ። ልጄን ካልገደልህልኝ ይቅር ይበልህ።» ለሦስት ሳምንት ያህል ጋሽ አንማው ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ አልወረደም።

የተቀረጸውን እንዲያየው ያደረግሁት እኔ ነኝ። ላፕቶፑን አልጋው ድረስ ወስጄ ከፈትሁለት። አንዴ አየው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ተሸካሚ ሆኜ እንደዚህ የከበደኝ የለም» አለ።

«ታዲያ እንተወው?»

«ቅምሻ አልተደረገም።»

በዚህ መሐል አንድ ሰው መጣ። አዲስ አበባ ለቴሌቪዥን ፊልም የሚገዛ ሰው ነው፤ ፍኖተ ሰላም የዘመድ ሠርግ ላይ ስማችንን ሰምቶ ስቱዲዮው መጣ። ሥራዎቻችንን እየዘለለ ሲያይ ቆይቶ እማማ ጥሩወርቅ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይቺ ተዋናይ ማናት?»

«ተዋናይ አይደለችም» አልሁ።

«ይቺ ካለችበት ፊልሙን እወስደዋለሁ፤ በአገር ሙሉ ይታያል። ያለ እሷ ግን አይሆነኝም። ካሜራውን የያዘው ማነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። «እኔ» አልሁ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። አዲስ አበባ ከመጣሁ ከእሱ ጋር እንደምሠራ ነገረኝ። ስልኩን በቁራጭ ወረቀት ጻፈልኝ፤ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ እስከዚያ ኮፒውን እንድሰጠው ነገረኝ። ሰውየው በር እንደወጣ ቀረጻውን በትንሽዬ የሜሞሪ ካርድ ላይ ገለበጥሁት፤ በወረቀቱ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትሁት። ለጋሽ አንማው የሰውየውን መምጣት ነገርሁት። ካርዱን አልነገርሁትም።

 ፊልሙ በአገር ይታያል ስለው ዓይኑ እንዴት እንደበራ አይቻለሁ። ያን ያህል ዓመት በአቡጀዴ ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው። ከዚያ ዱላውን ፈለገ።

«ሽንዲ እንሂድ» አለ። «ትቅመሰው።»

ሐሙስ ዕለት እኔ፣ እሱና ገዳሙ ሽንዲ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ጋሽ አንማው በየዛፉ ሥር ያርፋል። ገዳሙ መንገዱን ሁሉ አንዴ እንኳ አልሳቀም፤ ያ ሳቂታ ልጅ። እማማ ጥሩወርቅ በቆሎና ሽምብራ ቆልተው፣ ጠላ ቀድተው ተቀበሉን። ላፕቶፑን መደቡ ላይ አኖርሁት።

«እኔ ልታይ ነው?» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ተከፈተ። ራሳቸውን ሲያዩ መጀመሪያ ሳቅ ቃጣቸው። ሙሾው ሲመጣ ግን ወደ በሩ ዞሩ።

«ድምፁን ቀንሽው ልጄ። ታላቁ ከአጥሩ ማዶ ነው።»

ቀነስሁት። ተመልሰው እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ ለጋሽ አንማው፦

«አውጣው።»

«አይወጣም!» ገዳሙ ተነሳ። «እማ፣ እኔም አለሁበት። ይግባ እላለሁ። ሽንዲ ገበያ ላይ ሽማግሌው ሁሉ ይስማው። የአባቴ ቃል አይደለም ብለሻል፤ በአፍሽ!»

«ብያለሁ። ሬሳህ መስሎኝ ነው ያልሁ። ሙሾ ለሟች ነው ልጄ። ለቅሶ ላይ የተባለ እዚያው ይቀራል፤ አገሩ ሕጉን ያውቃል። ይኸ ግን አይቀርም። በተነካ ቁጥር ይናገራል። ወንድምህ ከአባቱ ያገኘው መስሎት ነው የሚያርስ። ይኸ ገበያ ላይ የወጣ ቀን ከሁለት አንዳችሁን እቀብራለሁ። አንዴ ቀብሬህ መጣሁ፤ ይበቃኛል።»

«እና እኔ ጆንያ ስሸከም ልሙት?»

«አንተን የምክስህ እኔ ነኝ። እኔው እነግረዋለሁ፤ ቁጭ አድርጌ፣ በሰዓቱ። በዚህ ሣጥን አይዶለም።»

እኔ ዝም ማለት አልችልም። «እማማ፣ እርስዎን ሲያይ እኮ አገር ሁሉ ያለቅሳል!»

ዞረው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ያዘኑልኝ ይመስላሉ።

«አገር ምን ሆኖ ነው ለእኔ የሚያለቅስ? የራሱ የለውም?»

ሁላችንም ጋሽ አንማውን አየን። ገዳሙ ያያል፤ እናትየው ያያሉ፤ እኔም አያለሁ። እሱ መዳፎቹን ያያል። «በል እንጂ ጋሼ!» አልሁት። «አንድ ጊዜ እንኳ! ለአንድ ጊዜ!»

«ባንቺ» አለ፣ «የትኛውን ነው የምነካ?»

ላፕቶፕ አይችልበትም፤ አብረን በቆየንበት ጊዜ ሁሉ የምነካካው እኔ ነኝ። ሌላ ፋይል ባሳየው አያውቅም ነበር። አሳየሁት፤ ትክክለኛውን። ወፍራም ጣቱን አስጠግቶ ተጫነው። ማሽኑ ጠየቀ።

«ምን ይላል?»

«ይጥፋ ወይ ይላል።»

«እሱም ይጠይቃል?» አለና ደግሞ ተጫነው።

ገዳሙ በሩን ገፍትሮ ወደ ጓሮ ወጣ። እናትየው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፦

«አለቀ?» አሉ።

ጋሽ አንማው ጣቱን ከማሽኑ ላይ አነሳ። ወደ እኔ ዞረ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እንጃ።

«አለቀ ወይ ይሉሻል ባንቺ።»

ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው በሬ ይጣራል። ቆምሁ። እጄን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ካርዱን ከነወረቀቱ አወጣሁትና እማማ ጥሩወርቅ መዳፍ ላይ አኖርሁት።

«ይኸው!»

ወረቀቱን ፈተው አዩት። በሁለት ጣታቸው ወደ ብርሃን አነሱት።

«ይች ናት? ይችን የምታህል?»

ቦርሳዬን አነሳሁ። «ባንቺ፣ መንገዱን ለብቻሽ ታውቂዋለሽ?» አለ ጋሽ አንማው ከኋላዬ።  በአጥሩ በኩል አለፍሁ። ታላቅየው አውድማው ላይ በሬዎቹን እየነዳ «እንደምን ዋልሽ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁትና ቁልቁል ወደ ሽንዲ ወረድሁ።